የተነከሰው ክብ

ማሙሽ ከሟች አባቱ ጋር ማውራት የጀመረው ትኩሳቱ በተመለሰ ዕለት ነው።

እህቱ ከሰዓት በኋላ ልትጠይቀው ስትገባ ዓይኑ ከአልጋው ግርጌ ባለው የብረት ወንበር ላይ ተተክሎ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። የመቀመጫው ላስቲክ ከመሃሉ ተቀዶ ቢጫ ስፖንጁ ይታያል።

«እዚያ እንዳትቀመጪ» አላት፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ። «አባባ ተቀምጧል።»

«ማን?»

«አባባ ነዋ። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ። ጣቶቹን እያየ ዝም ብሏል። ሰላም በዪው እንጂ እትዬ፣ አሁንም እንደተኳረፋችሁ ናችሁ?»

እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። ይፋጃል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ግን ያበራል፣ በጤነኛ ሰው ዓይን ውስጥ በማይታይ ብርሃን። ወደ ወንበሩ ላለማየት እየታገለች ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። አላስቻላትም፣ አየችው። ማንም የለም። ከወንበሩ ጀርባ፣ በክፍሉ ጥግ፣ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል።

ማሙሽ የቤት ስሙ ሆኖ ቀረ እንጂ ሪዙ የሸበተ፣ የራሱ ጋራዥ ያለው፣ የልጆች አባት ነው። «ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» እያለ መኪና ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲገጥም ሰንብቶ፣ ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ ሠራተኞቹ በሚጠግነው መኪና ጭነው አመጡት። ቀዶ ጥገናው ደኅና አለፈ። መድኃኒቱ ሲጀመርለት ትኩሳቱ ወረደ። ትናንት ጠዋት ትራስ ደግፎ ተቀምጦ ነርሷን «ሲስተር፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ሾርባ የነበረበት ድስት እጣቢ?» እያለ ሲያስቃት ነበር። ማታውን ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ደግሞ ይኸው አባቱን አስቀምጦ ያዋራል።

ቀዶ ሐኪሙ በጥድፊያ ገብቶ ቁስሉን አየና ወረቀቱን አገላበጠ። «ላቦራቶሪው መድኃኒቱ ይሠራል ብሏል። ጊዜ እንስጠው» አለ።

«ተሽሎት ነበር እኮ። የሚሠራ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ተሽሎት እንደገና ይወድቃል?»

«ሰውነት ነው፤ ሁሉም እኩል አይደለም» አለና ወጣ። ሐኪም መልስ ሲያጣ ጥፋቱን በሰውነት ላይ ይለጥፋል፤ ሰውነት አፍ አውጥቶ አይሟገተውም።

ነርሷ የግሉኮሱን ጠብታ እያስተካከለች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከእሱ በፊት እዚህ አልጋ ላይ የነበሩት አባትም እንዲህ ነበሩ። ተሽሏቸው ልጆቻቸውን ሲመርቁ ውለው…» አልጨረሰችውም። የአልጋውን ብረት በአልኮል መጥረግ ጀመረች፣ ቀድሞ የተጠረገውን።

እህትየውን በሆስፒታሉ ግቢ ቁጡዋ ይሏታል። በፊቷ የሚል ግን የለም። ከሕሙማኑ ሕንፃ ማዶ ባለው የምርምር ክፍል ነው የምትሠራው፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ከእሷ ፊት ለፊት ላለመቀመጥ ወንበር ይሻማል። ቁጣዋ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ልጅ ሳለች እናቷ በዚሁ ሆስፒታል፣ በዚሁ ፎቅ ሞታለች። ማሙሽ ያኔ ገና ይድህ ነበር። እናታቸውም ተሽሏት ነበር፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ልጆቿን አቅፋ ነበር። መድኃኒቱ ይሠራል ተብሎም ነበር። ይሠራል ያለው ደግሞ አባታቸው ነው፤ ያኔ ላቦራቶሪውን የሚመራው እሱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ አባትየው ገበታ ላይ ተቀምጦ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ጣቶቹን የሚያይ ሰው ሆነ። ስለ እናታቸው ስትጠይቀው «ሥራው ንጹሕ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። በዚህ ተኳርፈው ኖሩ፣ በዚህ ተኳርፈው ተለያዩ።

የምታጠናው አንድ ፕሮቲን ነው። በመጽሐፍ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይባላል፤ እሷ ግን ዘበኛው ትለዋለች። ባክቴሪያው ውስጥ ከአንድ ጂን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ያ ጂን መድኃኒት የሚቆራርጥ ኢንዛይም መሥሪያ ነው፣ መቀስ እንበለው። በደኅናው ጊዜ ዘበኛው በሩን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ባክቴሪያው ለማይፈልገው መቀስ ጉልበቱን አያባክንም። ስለዚህ መድኃኒት ሲነካው ይሞታል፣ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን አንዳንድ መድኃኒት የባክቴሪያውን ግድግዳ ሲንድ ፍርስራሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዘበኛው ላይ ይለጠፋል። ያኔ ዘበኛው ነቅቶ ይገለበጣል። በሩን ሲጠብቅ የነበረው እሱ ራሱ በሩን ይበረግደዋል፤ መቀሱም እንደ ጉድ ይመረታል። በአንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ዘንድ እኮ ይኸው ዘበኛ የመቀሱ ብቻ ጌታ አይደለም፤ የሚረጩትን መርዝና የሚለብሱትን አተላ መሳይ ዝልግልግ ሽፋንም የሚያዝዝ እሱ ነው። ጥርስና ጋሻ በአንድ ቁልፍ። ከሁሉም የከፉት ደግሞ ዘበኛቸው አንዴ ነቅቶ እንቅልፍ የማይመለስለት ናቸው። የታማሚው ትኩሳት ሲወርድ የሚሞቱት የዋሆቹ ናቸው፤ እነዚያ ይቀራሉ፣ ቦታውም ይለቀቅላቸዋል።

ወንድሟ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተወጋው የመከላከያ መድኃኒት ዘበኛውን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። ይህን እያሰበች ደረጃውን ወርዳ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች።

ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው። እንደገቡ የሚቀበለው የአባቷ ፎቶግራፍ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ ሳህን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል። ከፎቶው ሥር በእጅ ጽሑፉ የተጻፈችው ደንብ በመስተዋት ተሸፍና ተሰቅላለች፦ «ክቡ ክብ ካልሆነ ይደገም።» እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ በዚያች ደንብ ተቀጥቅጦ ያደገ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከታማሚው የተገኘው ባክቴሪያ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ በጥጥ ይለቀለቃል፤ መድኃኒት የተነከሩ ጥቃቅን ክብ ወረቀቶች፣ ዲስኮች የሚሏቸው፣ በላዩ ይቀመጣሉ፤ ሳህኑ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ጠዋት መድኃኒቱ በሠራበት ዲስክ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ክቡ ይለካል፣ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ይባላል። በዚህ ቤት ደግሞ ክቡ ይለካል ብቻ ሳይሆን ይደነቃል። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት እሱን ነው። የሥራውን ውበት ከሥራው አስበልጦ የወደደ ቤት ምን እንደሚደርስበት የነገራቸው የለም፤ ቢነግራቸውም አይሰሙም ነበር።

የአሁኑ አለቃ የአባቷ ደቀ መዝሙር ነው። ጋዋኑ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ ኪሱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ መሀረብ።

«ጋሼ፣ የወንድሜን ሳህን ልየው።»

«ሰላምታ አይቀድምም?»

«ሰላም ነው። ሳህኑን።»

«አባትሽም እንዲሁ ነበሩ። እንደምን አደርክ ሲሉኝ ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ።» እየሳቀ ከፍሪጁ አውጥቶ ሰጣት። «እንኪ፣ በማር የሚበላ ሥራ ነው።»

አነሣችው። ክቦቹ ሁሉ ያለ እንከን ክብ ነበሩ። እና ያየችውን ጠብቃው ነበር፦ ዘበኛውን የሚቀሰቅሰው መድኃኒት ዲስክ ከሳህኑ አንድ ጫፍ፣ ወንድሟ አሁን የሚወስደው መድኃኒት ዲስክ ከሌላው ጫፍ።

«ለምን አራራቃችኋቸው?»

«እንዳይነካኩ። ሲቀራረቡ ክቡን ያጎድፉታል።»

«እኔ ማየት የምፈልገው ሲቀራረቡ ምን እንደሚሆን ነው። ወንድሜ ሆድ ውስጥ እኮ አልተራራቁም፣ ጋሼ። አንዱ የገባው ሌላው ሳይወጣ ነው።»

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። «ይኸውልሽ፣ አንቺ ዘበኛ ዘበኛ ስትይ ዘበኛው በየሳህኑ ይታይሻል። እኔ የማየው ክብ ነው። ለክቴዋለሁ። ይሠራል።»

«ይሠራል ያሉት መድኃኒት ላይ ሆኖ ከሞተ ሰው ጋር እያወራ ነው።»

«አልታመመም አልልሽም፤ ግን ትኩሳት ሌላም ምክንያት ይኖረዋል። ቀዶ ሐኪሙን ጠይቂ።»

«ሐኪሙ ላቦራቶሪውን ጠይቂ ይለኛል፣ ላቦራቶሪው ሐኪሙን ጠይቂ ይለኛል። እናንተ ስትቀባበሉኝ እሱ ይሞታል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ። የአባትሽ ቤት ነው ብለሽ…»

«የአባቴ ቤት መሆኑን ነው የምፈራው።»

ይህን ስትል የራሷ አንገት ቀዘቀዛት፤ ፎቶው ከጀርባዋ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሥራ የያዙ መሰሉ፣ ጆሯቸው ግን እዚያው ነበር። ከመስኮቱ ሥር ወረንጦ ይዛ የምትሠራ አንዲት ጎልማሳ ባለሙያ አለች፤ ዲስክ ስትደረድር ርቀቱን በዓይኗ ስለማትስት ኮምፓስ ብለው ይጠሯታል። ቁጡዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ኮምፓስ፣ የወንድሜን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ የመጀመሪያው ሳህን ነው?»

ኮምፓስ አለቃውን አየች፣ ከዚያ ወረንጦዋን አየች። «ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ላይ እጄ ስቶ ዲስኮቹን አቀራርቤያቸው ነበር። አንዱ ክብ ጎኑ ገባ ብሎ አደረ። ደገምኩት።»

«ይሄ ብዙ ጊዜ ይገጥምሻል?»

«ኧረ እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚገጥመኝ» አለች ቅር ብሏት። «ሁላችንም ይስተናል። እንደግመዋለን። ደንቡ ነው።»

ቁጡዋ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይሄ ሁሉ እጅ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት፣ ባክቴሪያው «ነቅቻለሁ» ባለ ቁጥር እንደ እጅ ስህተት እየቆጠረ ደግሞታል። አጠፋፋቸውም የስንፍና አልነበረም። ሰነፍ ላቦራቶሪ ቢሆን የጎደፈውን ክብ እንዳለ ትቶት፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ይል ነበር። እዚህ ግን ትጋታቸው ነው እውነቱን ለቅሞ የጣለው።

«የጣልሽው ሳህን የት ነው?»

«ቀይ ላስቲክ ውስጥ። ዛሬ ይቀቀላል።»

የተጣሉ ሳህኖች በእንፋሎት ተቀቅለው ነው የሚወገዱት። ማሽኑ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ቁጡዋ ስትደርስ ክዳኑ ተዘግቷል፣ ሠራተኛው እጁን ማስነሻው ላይ አድርጓል።

«አቁመው፣ ወንድም።»

«እህቴ፣ ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶብኝ ነው ገና አሁን የሞላሁት።»

«ክፈተው። እኔ እጠየቅበታለሁ።»

ፊቷን አየና አልተከራከረም። ክዳኑ ሲከፈት ጣፋጭና ግም የሆነ ሽታ ወጣ፣ የበሰበሰ ወይን የሚመስል። ኮምፓስ ጓንት አጥልቃ ተከትላት መጥታ ነበር፤ አለቃውም ከኋላ፣ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ። ሴቶቹ ላስቲኩን ወለሉ ላይ ፈተው ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ ያዩ ጀመር። ኮምፓስ የጻፈችበትን ታውቃለች፤ አብዛኛውን ገና ሳታነሣው ትገፋዋለች። ግን ቁጡዋ የተገፉትን ታይ ነበር፤ ከመካከላቸው ጎናቸው የገባ ክቦች ነበሩ። የማን እንደሆኑ አታውቅም። እያንዳንዳቸው ግን የአንድ ሰው ናቸው፤ ሰውየው ይኑር አይኑር እንጃ።

«ይኸው» አለች ኮምፓስ።

ቁጡዋ ተቀብላ ወደ ብርሃን አንሥታ ያዘችው። በአንዱ ዲስክ ዙሪያ ጥርት ያለው ክብ፣ ወደ ጎረቤቱ በዞረበት በኩል፣ ውስጥ ድረስ ገብቷል። አንድ ሰው አንዴ ገምጦ የተወው ብስኩት ይመስላል። ክቡ በገባበት ቦታ ላይ ባክቴሪያው ሞልቶ በቅሏል፣ ሕያው ሆኖ፣ ሁለቱም መድኃኒት ባለበት በዚያው መሐል።

ያኔ ነው ትዝታው የመጣባት።

ልጅ ሆና በዚህ ኮሪደር ቆማ ነበር። እናቷን ሊጠይቁ ሲመጡ አባቷ መጀመሪያ ወደ ሥራው ይዟት ወረደ። አንድ ሳህን አንሥቶ ለብርሃን አሳያት። «አየሽ? ይሄ ክብ እንደ ብስኩት ተነክሷል። የማን ጥርስ መሰለሽ?» አላት፣ ሊያስቃት። «የአይጥ!» አለች። ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አጥቁሮ አንድ ወጣት ሠራተኛ ጠራና «ይሄ የባለቤቴ ነው። የእሷን እንኳ በንጹሕ እጅ አትሠራም? ድገመው፣ ዲስኮቹን አራርቅ» አለው። ወጣቱ ራሱን ደፍቶ ሳህኑን ተቀበለ። በማግስቱ ክቡ ክብ ሆነ። አባቷ ደስ ብሎት ፎቅ ወጣ፣ ለእናቷም «መድኃኒትሽ ይሠራል» አላት።

ይህን ሁሉ ስታውቀው ኖራለች። የተነከሰ ብስኩትና የአባቷ ሳቅ ብቻ ሆኖ ነበር የተቀመጠላት፣ ከጥቂት ጥሩ ትዝታዎቿ አንዱ። አሁን እጇ ላይ ካለው ሳህን ጋር ሲገጥም ትዝታው ጥርስ አወጣ።

ቀና ስትል አለቃው ሳህኑን ያያል። መሀረቡ ከእጁ ወድቋል። ያ ወጣት እሱ እንደነበረ ፊቱ ነገራት። ዕድሜውን ሙሉ ክብ ሲያስከብብ የኖረው ያን ቀን ከተገሠጸው ግሣጼ ሲሸሽ ነው።

«ጋሼ» አለችው።

«እኔ…» አለ። «አራርቅ አሉኝ። አራራቅሁ።» ጎንበስ ብሎ መሀረቡን አነሣ፣ አላራገፈውም። «ነይ፣ አዲስ ውጤት ልጻፍልሽ።»

ቀዶ ሐኪሙ አዲሱን ውጤት አየና ቅንድቡን አነሣ። «ትናንት ይሠራል፣ ዛሬ አይሠራም። ላቦራቶሪያችሁ የአየር ትንበያ ሆነ እንዴ?»

«ቀልዱን ሲድን እንስቅበታለን። የተቆለፈበትን መድኃኒት ክፈቱለት።»

«እሱን ለመጨረሻ ነው የምንቆጥበው።»

«ወጥተህ እየው። መጨረሻው ምን እንደሚመስል አልጋው ላይ ተኝቶልሃል።»

ሐኪሙ ተናደደ፤ ግን ፈረመ። ይህ የመጨረሻ መድኃኒት የሚገርም ነገር አለው፦ ዘበኛውን ከሁሉም አብልጦ ይቀሰቅሰዋል፣ የተመረተው መቀስ ግን አይቆርጠውም። ቢነቃም አይጠቅመውም። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከመጠበቅ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዘግይተው እንደሆነም የሚነግራት አልነበረም።

ጠበቀች። ሚስቱ ልጆቹን ልታይ ቤት ስትሄድ እሷ ትቀመጣለች፣ ግን አልጋው ጫፍ ላይ። ያቺን ወንበር አልነካቻትም። ቀትር ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወንበሩ ላይ ታርፋለች፣ የተቀደደውን ላስቲክ ታሞቀዋለች፤ ላስቲኩም ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ ቀስ እያለ ድምፅ ያሰማል።

«አሁንም ጣቶቹን ያያል» አላት ማሙሽ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል።»

«አናግረው እንግዲህ።»

«አይመልስልኝም። አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

ወንድሟ እንቅልፍ እስኪወስደው ቆየች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረች። የተማረች ሰው ናት፤ ባዶ ወንበር ባዶ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ደሟ ፈልቶ ነበር፣ ቁጣዋ ደግሞ አድራሻ ካገኘ አይመለስም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው በሹክሹክታ። «እሷን ወሰድክ። ሥራው ንጹሕ ነበር አልክ። እኔ ልጅህ ስጠይቅህ አኮረፍከኝ። አሁን ደግሞ እሱን ልትወስድ መጥተህ ነው? ወይስ ይሠራል ልትለኝ? አንተ እኮ ሳህኑን አይተኸዋል፣ አባባ። በእጅህ ይዘኸዋል። ከማንም በፊት ያየኸው አንተ ነህ፤ ያየኸውን አስደግመህ አጠፋኸው።»

ቧንቧው ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። የመለሰላት የራሷ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ እሱም ደስ የሚል አልነበረም። ምናልባት አባቷ ገብቶት ነበር። በኋላ፣ ከቀብሩ በኋላ፣ ገበታው ላይ። ጣቶቹን የሚያየው የገባው ሰው ነው። ከገባው ደግሞ ደንቡን ከግድግዳው አላወረደም። ከዚያ በኋላ በዚህ ፎቅ ስንት እናት ፀጉሯን ተሠርታ እንደሞተች ማን ያውቃል።

«ተነሥ ከዚህ ወንበር» አለችው። «ተነሣና ሂድ። እሱን አልሰጥህም።»

ትኩሳቱ በአንድ ጊዜ አልወረደም። ወረደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወረደ። በዚያ መሐል ሐኪሙ ሆዱን እንደገና ከፍቶ መግል አወጣ። ሚስቱ ኮሪደር ላይ እያለቀሰች «ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻት፤ ቁርጡን ግን እሷም አታውቀውም ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ስትገባ ማሙሽ ትራስ ደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ጉንጩ ሰርጉዶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል፤ ያ አስፈሪ ብርሃን ግን የለበትም።

«ሾርባው አልተሻሻለም» አላት።

ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና ፊቷን አዞረች። ፊቷን ስታዞር ወንበሩን አየች።

«ሄዷል» አላት። «ጎህ ሲቀድ ነው የሄደው።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ተነሣ፣ እዚያ ጥግ ሄዶ እጁን ታጠበ። ብዙ ታጠበ፣ እትዬ። ቧንቧውን እንኳ ሳይዘጋው ወጣ።»

ቁጡዋ ወደ ጥጉ ሄደች። ቧንቧው ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር፣ ይንጠባጠባል። ወደ ውሃ መውረጃው ቀዳዳ ጎንበስ ስትል ያቺ የበሰበሰ ወይን ሽታ አፍንጫዋን ነካችው። ባክቴሪያው እዚህ ይኖራል ማለት ነው። በዚህ እርጥበት ውስጥ፣ አተላውን ለብሶ፣ ዘበኛውን አስተኝቶ፣ ማንንም ሳይጎዳ፤ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ አልጋው ዘንድ እስኪሄድ ድረስ። ከዚህ በፊት በዚያ አልጋ የነበሩት አባት። ከሳቸው በፊት የነበረው። እናቷ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችበት ክፍል ምናልባት ይሄው ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ የምትጠይቀው ሰው አልቀረም።

ከቀዳዳው በጥጥ ናሙና ወስዳ ወደ ምድር ቤት ወረደች።

አለቃው በሩ ላይ አግኝቷት ምን እንደያዘች ሳይጠይቅ መንገድ ለቀቀላት። ደንቡ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። እንዲያወርደው አልጠየቀችውም፤ እሱም አላወረደውም። ኮምፓስ አዲስ ሳህን አዘጋጅታ ቁጡዋ ባክቴሪያውን እስክትለቀልቅ ጠበቀች፣ ከዚያ ወረንጦዋን አቀበለቻት።

«ምን ያህል ይቀራረቡ?» ብላ ጠየቀች። «ዕድሜዬን ያራራቅሁ ሰው ነኝ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«አሁን እኔ ልሥራው፣ አንቺ እይ።»

የመጀመሪያውን ዲስክ አስቀመጠች፣ ቀስቃሹን። ሁለተኛውን በወረንጦ አንሥታ ወደ ሳህኑ ዝቅ ስትል ከጀርባዋ የሆነ ሰው ጎንበስ አለ። እስትንፋሱ አንገቷ ላይ ተሰማት፣ ከእሱም ጋር የአልኮልና የአሮጌ ጋዋን ሽታ። ልጅ ሆና ዲስክ ስትደረድር አባቷ እንዲህ ነበር የሚቆምባት፤ ርቀቱ ካልጣመው ከትከሻዋ በላይ እጁን ዘርግቶ የእሷን እጅ ይመልሰዋል። ኮምፓስ ፊት ለፊቷ ቆማለች። አለቃው በሩ ዘንድ ነው። ከኋላዋ ግድግዳውና ፎቶግራፉ ብቻ ናቸው።

የሚመልሰውን እጅ ጠበቀች። አልመጣም፤ ግን እስትንፋሱም አልሄደም።

ወደ ኋላ ሳትዞር ሁለተኛውን ዲስክ ከመጀመሪያው አጠገብ አሳረፈችው።

በማግስቱ ሳህኑን ከሙቀቱ ስታወጣው ክቡ ተነክሷል፤ ልክ እንደ ወንድሟ ሳህን፣ ልክ እንደዚያ እንደ ልጅነቷ ብስኩት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አየው። አለቃው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው።

ኮምፓስ በልማድ ወደ ቀዩ ላስቲክ ልትወስደው እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች ቁጡዋ። በደንብ አሽጋ፣ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙራ አቆመችው።

«ለምንድን ነው እሱ?» አለቻት ኮምፓስ።

«ይየው።»